ለአንዲት ዝሆን የነደደ እሳት

ውድ የእህቴ ልጅ፣ የኔ ነገረኛ ጠበቃ፦

መጀመሪያ ተቀመጪ። ምድጃችን አልፈረሰችም። ይኸው ዋናውን ነገርኩሽ፤ የቀረውን ቀስ ብለሽ አጣጥሚው።

ችኩሉን ሸሪኬን ታውቂዋለሽ። ሽርክናችን ሲፈርስ፣ የሸክላ መተኮሻዋ ምድጃ ለማን ትሁን የሚለውን በውላችን መሠረት ለሦስት የግልግል ዳኞች ሰጠን። እሱ ግን ውሳኔውን መጠበቅ ከበደው። ጡቧን ለሚገዛ ሰው ሸጣትና "ማክሰኞ ጠዋት አፍራሾች ይመጣሉ" ብሎ ደወለልኝ። ዳኞቹ በኋላ "ላንተ ትገባለች" ቢሉኝስ? የጡብ ክምር ልታቀፍ ነው?

ፍርድ ቤት ሄጄ እግድ ጠየቅሁ። ዳኛዋ ውሉን አገላበጡና "አባባ፣ የግልግል ዳኞቻችሁ ሥራ ጀምረዋል?" አሉኝ።

"ጀምረዋል።"

"እንግዲያው ጥያቄውን ለእነሱ ያቅርቡ። ጉዳዩን ያውቁታል፤ እግድ የመስጠት ሥልጣንም ውላችሁ ሰጥቷቸዋል። ትዕዛዛቸውን የማያከብር ካለ ያን ጊዜ ይምጡ።"

አባባ መባሌ ሳያንስ ባዶ እጄን ወጣሁ። ሸሪኬ ደረጃው ላይ ጠብቆ "ተባረርክ አይደል?" አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም የተባረርኩ መስሎኝ ነበር።

የግልግል ዳኞቹ ሊሰሙን የቻሉት ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ አፍራሾቹ ደግሞ ጠዋት። ስለዚህ ሰኞን ሙሉ ምድጃዋን አነደድኳት። የጋለ ምድጃ ማን ያፈርሳል?

"ምን ልትተኩስባት ነው? አንድ ማሰሮ እንኳ የለህም" አለችኝ አክስትሽ።

ዙሪያውን ብፈልግ ያልተተኮሰ ሸክላ ያንቺ ዝሆን ብቻ ሆነች፤ ያቺ በልጅነትሽ ሠርተሽ መደርደሪያ ላይ የረሳሻት፣ እኔ አይጥ ናት እያልኩ ያስለቀስኩሽ። ይህን ያህል ወፍራም ጭቃ እሳት ውስጥ ይፈነዳል ብዬሽም ነበር። ከተትኳት።

አፍራሾቹ መጥተው እጃቸውን ወደ ግድግዳዋ አስጠጉና ወዲያው ሰበሰቡ።

"ጋሼ፣ ይቺ መቼ ነው የምትበርደው?"

"ደስ ሲላት።"

ከሰዓት የሸሪኬ ጠበቃ የግልግል ዳኞቹ ፊት ቆሞ "እግዱን ፍርድ ቤት ከልክሎታል" አለ። ሰብሳቢዋ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አልከለከለም። ወደ እኛ ነው የላከው። ደንበኛዎ ባይገባው እርስዎ ሊገባዎት ይገባል።" ከዚያ፣ አፍራሾቹ በእሳቱ ምክንያት እንደተመለሱ ሰምተው ነበርና፣ ወደ እኔ ዞሩ። "አሁን ምድጃው ውስጥ ምን አለ?"

"ዝሆን" አልኩ።

ሸሪኬ ሳይቀር ሳቀ። ትዕዛዙን ሲሰማ ግን ሳቁ ጠፋ፤ የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ምድጃዋ አትፈርስም፣ ለማንም አትሰጥም።

ውሉን ስንፈርም "የግልግል ዳኞቹ እግድ መስጠት ይችላሉ" የምትለዋን መስመር በግድ ያስገባሽው አንቺ ነሽ። እኔ "ይቺ ደግሞ ለጌጥ ናት?" ብዬ ስቄብሽ ነበር። ይኸው ጌጡን አንገቴ ላይ አስሬ ሰፈሩን እየዞርኩ ነው።

ምድጃዋ ስትበርድ ከፈትናት። ዝሆንሽ አንድ ጆሮዋ ወልቋል እንጂ አልፈነዳችም። ፊቷን ወደ ሸሪኬ መስኮት አዙሬ ምድጃዋ አናት ላይ አስቀምጫታለሁ። ውሳኔው ገና ነው፤ የሚወሰንባት ምድጃ ግን ቆማ ትጠብቃለች። ከእንግዲህ አይጥ ናት አልልሽም። ሦስት ዳኞች ፊት ዝሆን ብያታለሁና መካድ አልችልም።

በአይጧ ጉዳይ ብቻ የተረታው፣
አጎትሽ