ቀዩን ማጫወቻ ለመረጡልን ሰው የቀረበ ምስጋና

ኅዳር 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ በላይ
የአካባቢያችን የቃል ቅርስ አሰባሳቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፤

ጎንበስ ያለ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፣ ወንበርዎን ያደላድልልን፣ በተለይም ጆሮዎን ከሥራ ሁሉ ያሳርፍልን፤ ይህቺ የመጨረሻዋ ዱዓዬ ገና ሳልጨርሳት ተቀባይነት ማግኘቷን በዓይኔ አይቻለሁና ምስጋና ይገባዋል። እኔ በገበያው መግቢያ ራዲዮና ቴፕ የምጠግነው ሷሊህ ሺፋ ደግሞ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ፈርቼ ትቼዋለሁ። ለኮሚቴዎ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ማኅተም ተመትቶባቸው በክብር ስለተቀመጡ፣ አራተኛው ሌላ መደርደሪያ እንዳያጣብብዎ አስቤ በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ገበያተኛው ቢያነበው አይቀየሙኝ።

አንደኛ፣ ስለመረጡኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ሱቄ ድረስ መጥተው፣ "ሷሊህ፣ ያንተን ዓይነት ጆሮ በዚህ ከተማ የለም። የሽማግሎቻችንን ድምፅ ለትምህርት ቤቶች የምናከፋፍልበት የኪስ ማጫወቻ ልንገዛ ነው፤ የጥራቱን ነገር ላንተ ትተናል" ሲሉኝ፣ ከደሴ የመጡትን ሦስት ናሙናዎች እንደ ዕንቁላል ነው በጨርቅ ጠቅልዬ የተቀበልኩዎት። አንዱ ጥቁር፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ አንድም ጌጥ የሌለው ነበር። ሁለተኛው ብርማ ሆኖ ሥዕል የሚያሳይ መስታወት ነበረው። ሦስተኛው ቀይ ሆኖ የራሱ ድምፅ ማጉያ ያለው፣ ዘፈን ሲከፈትበት አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት የሚያርገበግብ ነበር።

ማጫወቻን በጥራቱ ለመምረጥ አስቀድሞ ጠንቅቀው የሚያውቁት ድምፅ ያስፈልጋል፤ የማያውቁትን ድምፅ መሣሪያው ቢያበላሸውም አይታወቅምና። ስለዚህ ወደ እማማ ሀያት ሄድኩ። እማማ ሀያት የሼህ ሀቢቡላህ ባለቤት ናቸው፤ ሼሁ መንዙማ ሲያወጡ ከከላላም ከአጅባርም ሰው በበቅሎ እየመጣ ያዳምጣቸው ነበር። ከሞቱ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በ1974 አንድ ደረሳ ተማሪያቸው በአሥራ አንድ ካሴት ቀድቷቸው ስለነበር፣ እማማ ሀያት ካሴቶቹን በሣጥን ቆልፈው በዓመት አንዴ፣ ለመውሊድ ብቻ ያወጧቸዋል። ለወንድማቸው እንኳ አውሰው አያውቁም።

"ለምንድን ነው?" አሉኝ።

"ልጆች በትምህርት ቤት እንዲሰሟቸው ነው" አልኳቸው።

"ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ?"

"አውቃቸዋለሁ።"

"እንግዲያ ባንተ አማና፣ ባንተ አደራ" ብለው አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ቆጥረው በእጄ አኖሩ። ያቺ "አውቃቸዋለሁ" ያልኳት ቃል እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ትጎመዝዘኛለች። በዚህ ደብዳቤ የሚያስጠላኝን ሁሉ ስዘረዝር ራሴን የዘለልኩ እንዳይመስልዎት ነው እዚህ ላይ የማነሣው።

ከአሥራ አንዱ ሁለቱን ካሴቶች ለሙከራ አስቀድሜ አወጣሁ። የቴፑን ራስ በስፒሪት አጥቤ፣ ኮምፒውተር ማሠልጠኛው ቤት በሽቦ አገናኝቼ፣ ምንም ሳልጨምቃቸው ቀዳኋቸው። ድምፅ ሲጨመቅ ቦታ ይቆጥባል፤ ይህንን የሚያደርገው ግን ገለባውን ከፍሬው እየለየ አይደለም፤ ፍሬውንም አብሮ ይደፋዋል። ከዚያ አንዱን መንዙማ በሦስቱም ማጫወቻዎች፣ በአንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፃቸውን እኩል አድርጌ ዘጠኝ ቀን አዳመጥኩ። እኩል ያደረግሁት የጮኸ ሁሉ ጥሩ ስለሚመስል ነው፤ ይህንን በስብሰባም ላይ ሳይታዘቡት አልቀሩም።

ብርማው ድቤውን የቆርቆሮ ጣሳ አስመሰለው። ቀዩ የሼሁን ትንፋሽ ጨርሶ ዋጠውና ድምፃቸውን ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ አደረገው። በጥቁሩ ግን ሼሁ ቃል ከመጀመራቸው በፊት ከንፈራቸው ሲላቀቅ ይሰማል፤ ድቤው ከኋላ፣ ተቀባዮቹ ከግራና ከቀኝ ሆነው ቤቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ሳይቀር ይታወቃል። ጥቁሩን ይዤ ሄጄ ለእማማ ሀያት በጆሯቸው አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ድንገት እጄን ያዙኝ። "ከመጋረጃው ኋላ የሚስለው ሰው ይሰማሃል? እኔ ነኝ፤ የመጨረሻዋን ልጄን አርግዤ ነበር። እሳቸው ኋላ፣ በመንዙማው መሐል ሳልሽብኝ ብለው ቀለዱብኝ" አሉኝ። ይህቺን ሳል በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ በየትኛውም ቴፕ ሰምተዋት አያውቁም ነበር።

እኔም በሁለት ገጽ ዘገባዬ ላይ ጥቁሩ እንዲገዛ፣ የሚይዘው መንዙማ ቢያንስም ድምፁ እንዳይጨመቅ፣ ካሴቶቹም ሌላ ነገር እንዳይቀዳባቸው በጀርባቸው ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ተሰብራ በደረቅ ቦታ እንዲቀመጡ ጻፍኩ። ዘገባዬን ተቀብለው "ማሻአላህ፣ ሙያ ማለት ይኼ ነው" ሲሉኝ የቀሩትን ዘጠኝ ካሴቶች ጨምሬ አሥራ አንዱንም አስረከብኩዎት።

ሁለተኛ፣ ቀዩን ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። ቃለ ጉባኤውን ሳነበው፣ "ከሩቅ የሚሰማ"፣ "መልኩ የሚስብ" እና "ብዙ የሚይዝ" የሚሉት መመዘኛዎች ከመቶው ዘጠና አምስቱን ወስደው ለድምፅ ጥራት አምስት ነጥብ መትረፉ የኮሚቴውን ልግስና ያሳያል። ምርጫው የተካሄደው ማጫወቻው በአዳራሹ ውስጥ የሠርግ ዘፈን ተከፍቶበት፣ መብራቱ ሲርገበገብ አባላቱ ባጨበጨቡት ጭብጨባ መሆኑንም ሰምቻለሁ። የሞተ ሰው ድምፅ የሚይዝ ዕቃ በመብራቱ ሲመረጥ ያየሁት በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ እንግዳ ነገር ስላሳዩኝ ባለውለታዎ ነኝ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ አቀዳዱ ነው። በሽቦ ማገናኘቱ አድካሚ መሆኑን ተረድተው፣ ቴፑን በቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ አጩኸው የኮምፒውተሩን ማይክራፎን ፊት ለፊቱ በማቆም አሥራ አንዱንም በሁለት ቀን አስጨርሰዋል። በአራተኛው ካሴት ላይ ወንበር ይጎተታል። በሰባተኛው ላይ፣ ሼሁ ነቢን እያወደሱ ሳለ፣ የእርስዎ ስልክ ጠርቶ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ሲሉ ይሰማል። ይኸው ሁሉ ደግሞ ዕቅዱ በእያንዳንዱ ማጫወቻ አንድ ሺህ ሥራ እንዲጫን ስለሚል እስከ መጨረሻው ተጨመቀ።

ማጫወቻዎቹ ለትምህርት ቤቶች በተሰጡበት ዕለት እማማ ሀያትን ከፊት ወንበር አስቀምጠው፣ አንዱን ቀይ ማጫወቻ ሸልመው፣ ሕዝብ እያየ ማዳመጫውን በገዛ እጅዎ በጆሯቸው አደረጉላቸው። እማማ ሀያት ትንሽ ሰሙና ቀና ብለው፣ "ማናቸው እኒህ?" ብለው ጠየቁ።

"ባለቤትዎ ናቸው እንጂ እማማ! በዘመናዊ መንገድ ተሻሽለው ነው" አሉ እርስዎ።

"እሳቸው አፍንጫቸውን ይዘው አያወጡም ነበር" አሉ እማማ ሀያት።

አዳራሹ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ማዳመጫውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ አኖሩና "ግድ የለም፤ ካሴቶቼን ስጡኝና ልሂድ" አሉ። እርስዎም "በቅርቡ በክብር ይመለሳሉ" ብለው ቃል ገቡላቸው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። አብሬ እንዳጨበጨብኩ የተረዳሁት መዳፌ ሲሞቀኝ ነው።

አራተኛውን ምስጋና እንዴት እንደምጽፈው ቸግሮኛል። ባለፈው ጥቅምት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዎ ወይዘሮ የሻለም አንድ ካሴት ይዘው ሱቄ መጡ። "ቴፑ እየበላው ነው፤ የአቶ በላይ የማጠቃለያ ንግግር ስላለበት ለሪፖርት ይፈለጋል" አሉኝ። ካሴቱን ገልበጥ ሳደርገው በዐረብኛ ፊደል የተጻፈውን የደረሳውን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ወደ ቴፑ ከተትኩት። ሃያ ሁለት ደቂቃ ያህል እርስዎ ስለ ቅርስ ጥበቃ አስፈላጊነት ተናገሩ። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያውም ሼህ ሀቢቡላህ ከአንድ ቃል መሐል፣ ግማሹ ተቆርጦባቸው፣ ብቅ አሉ።

ወይዘሮ የሻለም መስቀላቸውን በጣታቸው ጨብጠው፣ "ባዶ ናቸው፣ ተቀድተው አልቀዋል ተብዬ ነው ያወጣኋቸው። ዘጠኙንም ነው የሰጠሁት። እግዚአብሔር ያያል፣ አላወቅሁም" እያሉ እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። በዘጠኙ ላይ የአምስት ስብሰባ ንግግር፣ የሦስት ክርክርና የአንድ የእግር ኳስ ዋንጫ አሰጣጥ ተቀድቶባቸዋል። እኔ አስቀድሜ በሽቦ የቀዳኋቸው ሁለቱ የቀሩት ቁምሳጥን ሥር ወድቀው ስለተረሱ ነው። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ስቆይ አይጥ የሸናበት ቴፕ፣ በረሮ የተፈለፈለበት ራዲዮ በእጄ ከፍቻለሁ፤ መጸየፍ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ለእማማ ሀያት የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከኮሚቴው ሰው እስኪላክ ሁለት ሳምንት ጠብቄ ነበር። እርግማን ሽቼ ነው የሄድኩት፤ ቢረግሙኝ ቀለል ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን "ስንቱ ቀረ?" ብቻ አሉ። ሁለቱ እንደተረፉ ነገርኳቸው። "ኢና ሊላሂ" ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

አምስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት "ለናሙና የተሰጠዎትን ጥቁር ማጫወቻ ባለመመለስ የኮሚቴውን ንብረት ሰውረዋል፤ በአምስት ቀን ውስጥ ያስረክቡ" የሚል ማሳሰቢያ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ዕቃ ሲጠፋበት የሚደነግጥ መሆኑን ማወቄ አጽናንቶኛል። ማጫወቻው አልተሰወረም። ሁለቱን ካሴቶች ሳይጨመቁ ይዞ በእማማ ሀያት እጅ ይገኛል፤ ሰጪውም እኔ ነኝ፤ ለሚመጣብኝ ሁሉ ስሜን ከነአባቴ ከታች ጽፌአለሁ። ሊረከቡት ከፈለጉ ሚኒባስ እዚያ ስለማይገባ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከጆሯቸው ላይ የሚያወልቁት ግን እርስዎ ራስዎ ይሁኑ፤ ሌላ ሰው አይላኩ።

አሁን በየሐሙሱ እየሄድኩ፣ በጠፉት ዘጠኝ ካሴቶች ላይ የነበሩትን መንዙማዎች፣ በቀዩ ማጫወቻ ውስጥ ቃላቸው ስለማይለይ፣ እማማ ሀያት ከቃላቸው ሲሉ እቀዳለሁ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ እየቆሙ ያርፋሉ፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ተመልሰው አንድ ቃል ያርማሉ። ከሠላሳ አንዱ አሥራ ሰባቱን አግኝተናል። ባለፈው ሐሙስ አሥራ ስምንተኛውን ጀምረው በሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀጥ አሉ። ጠበቅኋቸው። ደግመው ሞከሩት፤ አልመጣም። ከዚያ በጣም አፍረው፣ ጥፋቱ የራሳቸው ይመስል፣ "ልጄ፣ ካሴቱ አለ ብዬ እኮ ነው በቃሌ ያልያዝኩት" አሉኝ።

ለእርስዎ ምንጊዜም ከማይጎድለው አክብሮት ጋር፣ ጆሮዎን ላለማወክ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበትዎ፣

ሷሊህ ሺፋ
ራዲዮና ቴፕ ጠጋኝ፣ መካነ ሰላም

ማስታወሻ፦ "ለድምፅ ጥራት ላበረከቱት አስተዋጽኦ" በሚል የላኩልኝ የምስክር ወረቀት ከነመስታወቱ ደርሶኛል። ስሜ ግን "ሳህሌ" ተብሎ ስለተጻፈ አልሰቀልኩትም። ሳህሌ የሚባል ሰው ሲገኝ እሰጠዋለሁ፤ ያ ሰው ካንዲት ባልቴት እጅ አማና ተቀብሎ ለእርስዎ ያስረከበው ነገር ስለሌለ፣ ያለ ኀፍረት ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ይችላል።