የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ይነገረን

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጥንትና ጥርስ ሕመም ምርምር ላቦራቶሪ ኃላፊ
አዳማ

አቤቱታ አቅራቢ፦ ወ/ሮ ዙለይካ ይማም

ጉዳዩ፦ የመንደራችን ጉድጓዶች የምርመራ ውጤት እንዲነገረን ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. እኔ ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን በሱቅ ንግድ የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ አብዱልሃኪም የጭነት መኪና ጫኝ ነበር። ዛሬ ወገቡ ጎብጦ፣ አንገቱ ደርቆ፣ ሶላት ጨርሶ ሲያሰላምት እንኳ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዞር አይችልም። ሽማግሌ እንዳይመስልዎ፤ ገና አርባውን መያዙ ነው። ትልቁ ልጄ ሙስዓብ ጥርሱ ቡናማ ስለሆነ ሲስቅ አፉን በእጁ ይከድናል። ባለሙያዎቻችሁ ምክንያቱ ከጉድጓድ ውኃ የሚገባ ፍሎራይድ እንደሆነ አስረድተውናል፤ ለዚህ እናመሰግናለን።

2. መንደሩ ሁለት ጉድጓድ አለው፤ አንዱ መስጊዱ ጋ፣ አንዱ ወፍጮ ቤቱ ጋ። ላቦራቶሪው የሁለቱንም ውኃ፣ የእኛንም ደምና ሽንት መውሰድ ከጀመረ ቆይቷል። ውኃው አንዱን አጉብጦ ሌላውን የሚተወው በዘር በሚወረስ ነገር እንደሆነ ለማወቅ ነው ተብሎ ምራቃችንም ተወስዷል። ሙስዓብ የወለቀ ጥርሱን እንደ ልጅ ወግ ጣሪያ ላይ መወርወሩን ትቶ ለባለሙያዎቹ ሰጥቷል። ምንም አልሰሰትንም።

3. ከዚያ በኋላ ባለሙያዎቹ የወፍጮ ቤቱን ጉድጓድ አዘወተሩት። ዙሪያውን አጠሩት፣ ክዳን ሠሩለት፣ በመጡ ቁጥር ከእሱ ይቀዳሉ። እኛም የተማረ ሰው ክፉ ውኃ ላይ ምን ይሠራል ብለን የመስጊዱን ትተን ወደዚያ ዞርን። የእኛ ሞኝነት ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጄ ሱሃይላ ጡት ከጣለች ወዲህ ሌላ ውኃ አልቀመሰችም።

4. ባለፈው ወር የመስክ አስተባባሪውን አቶ መሳይን አግኝቼ ደህናው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥናቱ ታትሞ ሳይወጣ ውጤት እንደማይነገር፣ ሰው መሃል ላይ ጉድጓድ ከቀየረም መረጃው እንደሚበላሽ ነገሩኝ። ኧረ ወይ ጉድ! መረጃው እንዳይበላሽ ልጄ ትበላሽ? ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ዓይኔን ማየት አቅቷቸው ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጄሪካን ባነሳሁ ቁጥር ወደየትኛው ጉድጓድ እንደምሄድ ግራ ይገባኛል። ፈርቻለሁ። አይዋሽም፣ ተናድጃለሁም።

5. በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ከደማችን እስከ ምራቃችን ገልጠን አሳይተናል። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የደበቀው የእርስዎ ቢሮ ነው።

6. ስለዚህ ክቡርነትዎ እንዲያዙልኝ የምለምነው ቀላል ነገር ነው። የማን ደም ምን እንደተገኘበት አልጠየቅሁም። ደህናው የመስጊዱ ነው ወይስ የወፍጮ ቤቱ? አንድ ቃል ይበቃኛል። መናገር በሕግ የተከለከለ ከሆነ፣ ሰው ይላኩና ከደህናው አንድ ኩባያ ቀድቶ ፊታችን ይጠጣ፤ እኛ ይገባናል። ሁለቱም መርዝ ከሆኑም አይሸሸገን። ባለቤቴ በዚህ ወገቡም ቢሆን ቀዬውን ለቀን እንሂድ ብሏል።

ቢሮው ሥራ እንደሚበዛበት አውቃለሁ፤ መልሱ ቢዘገይ እኔ እታገሣለሁ። ሱሃይላን ግን እስከዚያ ውኃ አትጠጪ ልላት አልችልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዙለይካ ይማም