ከእንግዳ ጋን ስለተቀዳው የወንዝ ውሃ

ለክቡር የውሃ ጥራት ምርመራ ኃላፊ
ስሙን ከአክብሮት የተነሳ ለማልጠራው መሥሪያ ቤት
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና በቢሮዎ ጥግ ለተደረደሩት የታሸጉ ውሃዎች ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤንነትዎ የተጠበቀ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ የሚጠጡትን አይቻለሁና። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የሳይንስ መምህር፣ ከአሶሳ በስተሰሜን የምትገኝ የአንዲት ትንሽ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ የሎዛም ባል ነኝ። ሎዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እሷ ብዬ ስለሆነ ስሟን ከመጀመሪያው ቢያውቁት መልካም ነው።

በመስከረም ሦስት ባለሙያዎች ልከው ወንዛችንን ስላስመረመሩልን፣ በጥቅምትም ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ልከው ውሃው «ለመጠጥ ተስማሚ፣ ከባዜቃም ሆነ ከሌላ መርዛማ ኬሚካል ነጻ» መሆኑን ስላበሰሩን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ባዜቃ ማለት፣ ክቡርነትዎ ዘንግተውት ከሆነ፣ ከወንዙ ራስጌ ያሉት ወርቅ አጣቢዎች የወርቁን ብናኝ የሚሰበስቡበት ሜርኩሪ ነው። ሆኖም ምስጋናው የተሟላ እንዲሆን ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና እንድጠቅስ ይፍቀዱልኝ።

፩. ባለሙያዎችዎ ወንዙን አላዩትም። መኪናቸውን ጭቃ ስለያዘው የቀረውን የግማሽ ሰዓት መንገድ በእግር እንዲወርዱ ብንለምናቸው፣ ጫማቸውን ተመልክተው በቀበሌያችን ሽማግሌ በአቶ ጣሀ ደጃፍ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር አረፉ። እዚያ አንድ ትልቅ የሸክላ ጋን አለ፤ የእንግዳ ጋን ነው። የወርቅ ማጠቢያ ማሽኖቹ ከመጡ ወዲህ ለእንግዳ የወንዝ ውሃ ማቅረብ ነውር ስለሆነብን፣ ሴቶቻችን ተራ ገብተው፣ ሦስት ሰዓት ተጉዘው፣ በቀን ከሁለት ጄሪካን በላይ ከማይሰጥ የተራራ ምንጭ ቀድተው ይሞሉታል። እኛ ከእሱ አንቀምስም።

፪. እንግዶቹ ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ ከዚያም ስድስት ጠርሙስ አውጥተው ከዚያው ጋን ቀዱ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ አልሸሽግም። ለመንገድ የሚይዙ መስሎን ደስ አለን፤ እንግዳ ከጋኑ የወሰደውን ለምን ብሎ መጠየቅ ደግሞ በዚህ አገር አሳፋሪ ነው። እንዲያውም ስድስተኛው ጠርሙስ ቢጎድል በገዛ እጄ የሞላሁት እኔ ነኝ። በጠርሙሶቹ ላይ ሲጽፉም እንዳይቀያየርባቸው ስማቸውን የሚጽፉ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ግን «ናሙናው የተወሰደበት ቦታ፦ ወንዝ፤ ሰዓት፦ 7፡20» ይላል። በዚያ ሰዓት ሦስቱም ማንጎው ሥር ነበሩ፤ ምስክሩ ሙሉ ቀበሌ ነው። ወረቀቱ ሲነበብ መጀመሪያ የገባቸው አቶ ጣሀ ነበሩ፤ ጋናቸውን እያዩ፣ «ይሄ ወረቀት የኔ ጋን ነው ያመሰገነ፣ ወንዝ አይደለም» አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ ኩበቱ ላብራቶሪ ገብቶ ማኅተም ሲመታበት ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው።

፫. ስለ አየሩና ስለ አፈሩ ወረቀቱ አንዳች ስለማይናገር እነሱም ንጹሕ ናቸው ብለን ተቀብለናል። በየጓሮው ባዜቃውን ከወርቁ ለመለየት በብረት ምጣድ ሲያቃጥሉት የሚወጣው ተን ሽታ እንኳ የለውም። ከማጠቢያው የተደፋው ጭቃ ደርቆ በማሽላ ማሳችን ላይ ተኝቷል። በወንዙ ዳር እንቁራሪት ከሰማን ወር አለፈን። በወርቅ አጠባ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነቡም ዛሬ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት አቅቷቸዋል፤ ጣቶቻቸው አልታዘዝ ብለዋል።

፬. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ግን በየሳምንቱ ውሃ ያመጣልን የነበረውን ቦቴ ስላስቀሩልን ነው። ንጹሕ ወንዝ ላለው ቀበሌ ቦቴ አይገባም ተባልን። ምንጩም ዝናቡ ሲያባራ ደረቀ። እናም ከጥቅምት ማለቂያ ጀምሮ ሁላችን የምንጠጣው ያንኑ ወንዝ ነው፤ ሎዛም ትጠጣለች። ስህተቱን ላስረዳ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ክቡርነትዎ የታሸገ ውሃዎን እየተጎነጩ፣ ውጤት የሚሻረው በሌላ ውጤት ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው ምርመራም በዕቅድ የተያዘው ለመጪው ዓመት እንደሆነ በደግነት ገለጹልኝ። ሎዛ የምትወልደው በጥር ነው። ልጁ ዕቅድዎን እንዲጠብቅ የሚነግርልኝ ሰው አላገኘሁም።

ባለፈው ሰኞ ሎዛ ጣሳ ስታቀብለኝ እጇ ተንቀጠቀጠ። ድካም ነው አለችኝ። ድካም ይሆናል። እኔ ግን ፈርቻለሁ፤ ይህን ቃል ያለ ምንም ቀልድ ይውሰዱልኝ። ያን ስድስተኛ ጠርሙስ የሞላው እጄን ባየሁት ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቦቴው እንዲመለስ፣ ባለሙያዎችዎም ጫማቸውን አውልቀው ወንዙ ድረስ እንዲወርዱ። ጭቃው ደርቋል፤ መንገዱን እኔ አሳያለሁ።

ማኅተምዎን የሚያከብር፣ ወረቀትዎን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሳይንስ የሚያስተምር፣ ጠርሙስዎንም በገዛ እጁ የሞላ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

በኃይሉ
የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ምንጩ ስለደረቀ፣ የወንዙም ንጽሕና በማኅተምዎ ስለተረጋገጠ፣ ቀበሌው ባለፈው እሑድ ተሰብስቦ የእንግዳውን ጋን ከወንዙ ሞልቶታል። ሲመጡ አቶ ጣሀ ከማንጎው ሥር አንድ ጣሳ ሞልተው በሁለት እጃቸው ያቀርቡልዎታል። ምናልባት ጣሳውን ተቀብለው ከመጠጣትዎ በፊት ጥቂት ካመነቱ፣ እሱም የምርመራ ውጤት ነውና፣ እባክዎ ማኅተም አድርገውበት ከጥር በፊት ይላኩልን።