የተገዘተው የጓሮ መሬት

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ለእታለም ይመኙሽ አወቀ፣ ቤሩት።

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? እንዴት እየዋልሽ እንዴት ታድሪያለሽ? ያምምሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ማዳምሽ አሁንስ እሑድ እሑድ ታሳርፍሻለች? እጄን ሳሙናው ሰነጣጠቀው ብለሽ ነበር፤ ቅባት ታደርጊበታለሽ? እኔ ታናሽሽ ማስተዋል፣ ባለሽበት ክፍል ደጃፍ እንደ ቆምኩ ሆኜ ሰላም ብዬሻለሁ። እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው። ግን ደህና ነን ካልኩሽ ቀጥሎ የምጽፈውን አታምኚኝም።

በስልክ ምንም እንደማልናገር ታውቂያለሽ። ስትደውዪ ቤቱ ይሞላል፤ አባዬ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ ትንሹ ወንድማችን እንየው ይጮኻል፣ ስልኩ እኔ ጋ ሲደርስ «ደህና ነኝ» ብዬ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ውኃ ስቀዳ ልነግርሽ የነበረውን ሁሉ ለራሴ እነግረዋለሁ። የዳንግላዋ ምህረቴ ዕረፍቷን ጨርሳ በዚህ ወር መጨረሻ ገደማ ወደ ቤሩት ትመለሳለች ሲሉ ሰማሁና ከድሮ ደብተሬ ቀድጄ ይህን ጻፍኩ። ከሰባተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ብዕር ስላልያዝኩ ስሕተት ቢኖርበት እለፊኝ።

እታለም፣ ነገሩ የግንቦቱ ስልክ ነው። እማዬ ከባሕር ዳር ሐኪም ቤት በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ደወልሽ። ጉበቷ ነው መባሉን ስትሰሚ አለቀስሽ። ማዳምሽ ኬሚካል የነካው እህል እንደማትበላ፣ ሰባ ዓመት አልፏት ደረጃውን በእግሯ እንደምትወጣ ነገርሽን። «እናቴን የጨረሳት ማዳበሪያውና የሚረጨው መርዝ ነው» አልሽ። ከዚያም «አባዬ፣ በጊዮርጊስ ገዝቼሃለሁ! የጓሮውን መሬት መርዝ እንዳይነካው፤ እናቴም ከዚያ ከንጹሑ በቀር ሌላ እንዳትቀምስ!» ብለሽ ሳትጨርሺ መስመሩ ተቋረጠ። አባዬ ቆቡን አውልቆ «አሜን» አለ። ምናልባት አንቺ በማግሥቱ ረስተሽው ይሆናል። እሱ አልረሳውም።

ተሳስተሻል ለማለት አይደለም የምጽፈው። መርዙን እኔም አልወደውም። አምና ጎረቤታችን አያ ገበየሁ የአረም መድኃኒት በረጨ ማግሥት ንቦቻችን ከቀፎው ሥር ወድቀው አገኘኋቸው፤ በመጥረጊያ ስጠርጋቸው አንዳንዶቹ ገና እግራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። እሱም አፉን ሳይሸፍን ረጭቶ በገባ ቁጥር ሳሉ በአጥሩ በኩል ይሰማናል። ስለዚህ ንጹሑ ይሻላል ወይ ብትዪኝ፣ ይሻላል እላለሁ። ግን ንጹሕ እህል በቃል ብቻ አይበቅልም፤ ፍግ ይፈልጋል። ላማችንን ለእማዬ ሕክምና ሸጠናታል። አባዬ የፈረሳችንን ፋንድያ በጆንያ እየለቀመ በመሬቱ ላይ በተነው፤ የአንድ ፈረስ ፋንድያ ምን ያህል ያዳርሳል? ጎረቤት ፍግ ብለምን «እኛስ ምን እናነዳለን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለኩበት ነው የሚፈልጉት። የግብርና ሠራተኛዋም መሬቱ ኮምጥጧል፣ ኖራ ያስፈልገዋል ብላ ነበር፤ ኖራው ግን እኛ ጋ አልደረሰም። ለማዳምሽ ንጹሑን የሚያበቅልላት ገበሬ እሱስ ምን ይበላ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ላም ይኖረው ይሆን?

በሐምሌ ጭጋጉ ሳይገለጥ ሰነበተና ጓሮው ላይ የተከልነው ድንች ቅጠሉ መጥቆር ጀመረ። ታውቂዋለሽ፣ ያ በሽታ በሳምንት ማሳ ይጨርሳል፤ ከአንዱም ወደ ሌላው ይሻገራል። አያ ገበየሁ መርጫውን በጀርባው አዝሎ መጣና «አወቀ፣ ያንተ ድንች ታሞ የእኔን ሊገድል ነው» አለ። አባዬ ስለ ግዝቱ ነገረው። አያ ገበየሁ ሣቀ። «ቤሩት ያለች ልጅህ የዚህን አገር መሬት ገዘተች? እንግዲያ መጥታ ትኰትኩተው!» አለ። ወዲያው ግን ለስለስ ብሎ «አንተ ቤት ግባ። እኔ ልርጭልህ፤ አንተ አላየህም፤ ኃጢአቱም በእኔ ይሁን» አለው። አባዬ «የተገዘተው መሬቱ ነው እንጂ እጄ አይደለም» ብሎ መለሰለት። «አዬ አወቀ! ሰው ሲቈርብ አይቻለሁ፤ መሬት ሲቈርብ ግን ያንተ የመጀመሪያው ነው» ብሎት ሄደ። ሚስቱ ምሥራቅ በአጥሩ ማዶ ሆና ሣቀች። የእኔም ሣቅ መጥቶ ነበር፤ የአባዬን ፊት ሳይ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ድንቹ አለቀ። በመስከረም ስንቆፍረው በእጃችን ላይ ይፈርጥ ነበር፤ ሽታው ከልብሴ አልለቅ ብሎኝ ሰነበተ። ከአያ ገበየሁም ማሳ በእኛ በኩል ያለው አራት ትልም ተበላሸ፤ ሌላውን በመርጨቱ አተረፈው። ከዚያ ወዲህ ወንፈል አይጠሩንም። ገብሳችንን እኔና አባዬ ብቻችንን አጨድነው። አጎታችን ሀይሉ ከአዲስ ቅዳም ከተማ መጥቶ «የዲከረንስ ዛፍ ትከልበትና ከሰል አክስለው፤ ከሰልን መርዝ ነክቶሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም» አለ። ቀልድ ነበር፤ ማንም አልሣቀም።

ግዝትን የገዘተው ሰው ካልፈታው አይፈታም ሲሉ ስለምሰማ የንስሐ አባታችንን ልጠይቃቸው ወሰንኩ። ሦስት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተከትያቸው በአራተኛው ነው አፌ የተከፈተው። «ልጅ አባቷን መገዘት አልነበረባትም» አሉ። «ካፏ ካወጣችው ግን ራሷ ትፍታው። እኔ ብፈታው የአባትሽ ልብ አይፈታም።» ልክ ናቸው። አባዬ ደግሞ በስልክ ፍቺኝ አይልሽም፤ ፍቺኝ ማለት እናትሽ ትሙት ማለት ይመስለዋል።

በመስከረም መጨረሻ እማዬን እንደገና ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። አባዬ «ማዳበሪያው ነው ወይ ያመጣባት?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ «ምን እንዳመጣው አሁን ማወቅ አይቻልም፤ በጣም ቆይቷል። ያገኘችውን፣ ያማራትን ትብላ። ዋናው መብላቷ ነው» አለ። አባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ በሩን ስንወጣ «ንጹሑን ማለቱ ነው» አለኝ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም አልተናገርኩትም። ከዚያ በኋላ እማዬ ሁለት ቀን ምንም ሳትቀምስ ቆየች። ከገብሳችን በሶ በጥብጬ ብሰጣት ፊቷን አዞረች። ሕመሙ ሲጠናባት አማርኛውን ትታ በአውኚ ብቻ ነው የምትናገረው፤ በአውኚ ድንች አማረኝ አለች። ወደ ምሥራቅ ቤት ሄጄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ፤ እንደ ልማዴ መናገር አቃተኝ። ምሥራቅ አየችኝና «አንቺ፣ ዛፍ ነሽ እንዴ እዚያ የተተከልሽው? ግቢ እንጂ!» አለች። ምን እንደምፈልግ ሳልነግራት ከድስቱ አምስት ድንች አውጥታ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ። ባሏ የረጨው ድንች ነው። ልጬ በጨው ሰጠኋት፤ ሦስቱን በላች። «ከየት አገኘሽው?» ስትለኝ «ከጓሯችን ነው፤ ከበሰበሰው መካከል ደህና ደህናው ቀርቶ ነበር» አልኳት። እማዬም «ይመኙሽ ልጄ እውነቷን ነው። ንጹሕ ነገር ጣዕሙ ይለያል» አለች።

አባዬ በር ላይ ቆሞ ሰማት። ከግንቦት ወዲህ እንደዚያ ፊቱ ሲፈታ አላየሁም። «አየሽ፣ ንጹሑ ተስማማት» አለኝ፤ ላገኘውም ሰው ሁሉ ተናገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ከምሥራቅ ቤት ደብቄ አመጣለሁ፤ በየሁለት ቀኑም እዋሻለሁ። ግዝቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ አባዬን ግን ከፊተኛው ይልቅ አጥብቄ አሰርኩት።

የመስኖው ውኃ ተራ በዚህ ወር መጨረሻ ይደለደላል። አያ ገበየሁ ክፉ ሰው አይደለም። «ዘሩን እኔ እሰጠዋለሁ፤ ግን ይርጭ። ካልረጨ በእኔ ማሳ አጠገብ ድንች አይተክልም፤ የውኃ ተራም አያገኝም» ብሏል፤ ሌሎቹም በዚህ ተስማምተዋል። አባዬ «የእናትሽ መድኃኒት ንጹሑ ድንች ነው፤ አልረጭም» ይላል። ተራው ካለፈን እስከ ክረምት የምንተክለው የለንም። ገብሱ ቢቆይ ቢቆይ እስከ ጥር ነው። አባዬ ከዚያ ወዲያ ፈረሱን እሸጣለሁ እያለ ነው።

ስለዚህ እታለም፣ ይህ ወረቀት በደረሰሽ ቀን ደውዪ። ብዙ አታውሪ። «አባዬ፣ ፈትቼሃለሁ፤ መሬቱንም ፈትቼዋለሁ፤ እርጭ» በይው። እማዬም የፈለገችውን ትብላ በይው፤ እሷም ትስማሽ። የእኔን ነገር ግን አትንገሪው። ቀኑን ስቆጥረው ወረቀቱ ተራው ሳይደለደል የሚደርስሽ አይመስለኝም። ቢደርስሽም እማዬን ያድናታል ብዬ አይደለም። ረጨንም አልረጨን የሚያድናት ያለ አይመስለኝም፤ ልብሷን ስቀይርላት ክብደቷ ከእንየው አይበልጥም። ብቻ አባዬ ባዶ መሬት እየጠበቀ አይቅር ብዬ ነው።

እኔንም ፍቺኝ። እማዬ አንድ ነገር ብትሆን ምን አብልተሻት ነው ትሉኛላችሁ። ያበላኋት የተረጨውን ነው። የበላችው ግን እሱን ብቻ ነው።

አባዬ በጣም ሰላም ብሎሻል፤ ስለ ድንቹ ጽፈሽ እንዳታስጨንቂያት ብሎኛል። እንየው ሰላም ብሎ ኳስ ላኪልኝ ይልሻል፤ ሁለት ጥርሱ ወልቋል። አጎታችን ሀይሉ ከነቤተ ሰቡ ሰላም ብሎሻል። ምሥራቅ «ሳሚልኝ» ብላኛለች። አያ ገበየሁ መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር፤ በኋላ «ለዚያች ለሩቋ ገበሬ ሰላም በያት» አለኝ። እማዬ ስጽፍ አይታኝ በአውኚ «ቃልሽ ጠቅሞኛል በያት፤ እሷም እንደ እኔ ንጹሕ ንጹሑን ትብላ» ብላሻለች። ያለችኝን እንዳለችኝ ጻፍኩት።

እኅትሽ ማስተዋል አወቀ
ከእንጅባራ አጠገብ፣ ጥርባ
ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.