እርጎው እስኪቀርብ

የማግ ወር 6
ብርድ ነው። ሱቅ ከፍቼ ሁለት የመዳብ ገንቦ ሸጥኩ። ሦስት ጊዜ ሮጥኩ። ሁለቱን ደረስኩ፣ ሦስተኛውን… አልደረስኩም። ከኪንታሮት ቀዶ ጥገናው ወዲህ ሰገራ ሲመጣ አያስጠነቅቀኝም፣ ዝም ብሎ ይመጣል። ከቤቴ እስከ ሱቄ ያሉትን የከተማችን የፓታን ሽንት ቤቶች እንደኔ የሚያውቃቸው የለም። ስልሳ ስምንት ዓመት ኖሬ ያካበትኩት ዕውቀት ይኸው ነው።

መቀየሪያ ሱሪዬን አንድ ገንቦ ውስጥ ነው የምደብቀው። ዛሬ አንዷ ደንበኛ ያንኑ ገንቦ ካልገዛሁ አለች።
"ተሸጧል" አልኳት።
"ለማን?"
"ለኔ።"

ማግ 9
ታላቃችን ማኒክ ራትና ዛሬ ጠዋት አረፉ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር። ከልቤ አለቀስኩ። ግን ግማሹ ለራሴ ነበር… ከሳቸው ቀጥሎ በዕድሜ ማን አለ? እኔ። የዘር ማኅበራችን ታላቅ፣ ታካሊው፣ ሆንኩ ማለት ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ በባይሳክ ወር፣ የዘር አምላካችን ግብዣ ላይ ከምንጣፉ ራስ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ታካሊው ሳይነሳ ማንም አይነሳም። ከተነሳ ደግሞ ሁሉም እጁን ከምግቡ ያነሳል፣ ግብዣው አበቃ። ማኒክ ራትና ሦስት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አይሉም ነበር። እኔ? ሃያ ደቂቃም እንጃ።

አስከሬኑ ከተቃጠለበት ስንመለስ ግያን ካጂ፣ የአጎቴ ልጅ፣ በዕድሜ ከኔ ቀጥሎ ያለው፣ ጀመረኝ። "ጋሼ ሄራ፣ እንግዲህ በየግብዣው በር ሥር መቀመጥ ቀረ። ፖሊስ ይፈልግህ ነበር እንዴ?" ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ… በጥንቃቄ።

ማግ 15
ሚስቴ ዳንማያ ከጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ቆርጣ ትራሴ ላይ አኑራልኛለች። አንድ ሆስፒታል ሰገራቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን ሰዎች ለጥናት ይፈልጋል። ባልና ሚስት ሆነን አርባ አራት ዓመት፣ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ሱሪዬን በድብቅ የማጥበው ራሴ ነኝ። ለካ እሷ ደግማ ስታጥበው ኖራለች።
"ሳሙናውን በደንብ አታስለቅቀውም" አለችኝ። እንዴት አፈርኩ።

ማግ 20
ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሲስተር ፓቢትራ ትባላለች፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ነገሩ በዕጣ ነው። ገሚሱ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ኤሌክትሪክ ይደረግለታል፣ ገሚሱ የጡንቻ ልምምድ ይሠራል። ኤሌክትሪኩን ተመኘሁ፣ ቢያንስ ሲያወሩት ያምራል። የዕጣዬ ፖስታ ሲከፈት… ልምምድ። ፊንጢጣን ጨብጦ እስከ አስር መቁጠር፣ በቀን ሃምሳ ጊዜ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ፣ አሁን መቀመጫዬን ቁጥር ላስተምር።

ቅጽም ሰጠችኝ። በየቀኑ ስንት ጊዜ እንዳመለጠኝ ይጻፍበታል። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሳምንት መሙላት አለብኝ።

ፋጉን 5
ቅጹን አስረከብኩ። አሥራ አራት ዜሮ፣ አሳምሬ አክብቤ። ምን ልጻፍ ታዲያ? ስሜ አለበት፣ የአባቴም ስም አለበት፣ በዚያ ላይ ታካሊ ነኝ።

ፓቢትራ ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። "አባባ፣ ከሠፈርዎ አሥራ ሁለት ወንድ መጥቷል። አሥራ ሁለታችሁም ዜሮ። ታዲያ እዚህ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?"
ቅጼን ወደ ራሴ ሳብኩ።
"ዶክተሩ በዚህ ዓይነት ጥናቱን ልንዘጋው ነው ይላል። ሕክምናው መርዳቱ በምን ይታወቃል? ዜሮ ወዴት ይቀንሳል?"

እርሳስ ጠየቅኳት። ጽፌ ሰጠኋት፣ በሳምንት አሥራ አንድ። "ጎበዝ" አለችኝ። በዚህ ጎበዝ ተብሎ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ።

ፋጉን 12
ደንበኛ ፊት ቆሜ እየቆጠርኩ ነበር። "ሰውየው ምን ሆኑ? ዓይናቸው ፈጠጠ" ብላ ወጣች።

ቻይት 2
በሳምንት ሰባት። አሁን ዳንማያ ናት ከጎኔ ተቀምጣ የምትቆጥርልኝ። "ስምንት… ዘጠኝ… ፊትህን አታጨማድደው፣ ሥራው የፊትህ አይደለም።"

ቻይት 24
ሦስት! ብቻ ደስታዬን ግያን ካጂ አበላሸብኝ። ሱቅ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ዘንድሮ ግብዣውን አጠር ብናደርገው ምን ይመስልሃል?" አለኝ። አውቆብኝ ነው፣ ሊያሾፍብኝ ነው የመጣው ብዬ ደሜ ፈላ። "ማኒክ ራትና ሦስት ሰዓት ተቀምጠዋል፣ እኔም ሦስት ሰዓት እቀመጣለሁ" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።
ምን ዓይነት ምላስ ነው ግን የሰጠኝ? ሦስት ሰዓት…

ባይሳክ 11
ነገ ነው። ፓቢትራ ደወለችልኝ። "አባባ፣ ካስቸገረዎት ብድግ ብለው ይሂዱ።" ልጅቷ የኛን ማኅበር አታውቅም።

ባይሳክ 12
ከኔ ሌላ ሠላሳ ስድስት ሰው፣ በአንድ ረድፍ፣ ምንጣፍ ላይ። የተደፈጠጠ ሩዝ፣ የጎሽ ሥጋ፣ ሚጥሚጣን የሚያስንቅ መረቅ፣ አረቄ። ለአምላካችን ከታረደው ፍየል ጭንቅላት የታካሊውን ድርሻ አነሱልኝ። ከተቀመጥን አንድ ሰዓት እንዳለፈ… መጣ። ጨበጥኩ። አንድ፣ ሁለት… አስር። እንደገና። ሄደ። እንባዬ ዱብ አለ፤ ሰዎቹ ለማኒክ ራትና ያለቀስኩ መሰላቸው። ከተቀመጥን ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆነን ጭራሽ ሥጋ አስጨመርኩ። ጉራዬ ልክ አልነበረውም።

ያኔ ከጎኔ የተቀመጠው ግያን ካጂ እጄን ያዘኝ። ላብ አጥምቆታል።
"ጋሼ… ተነስ።"
"ምነው?"
"በአባትህ ተነስልኝ። አልቻልኩም… እንዲህ ከሆንኩ ሦስት ዓመቴ ነው።"

ያ "ግብዣውን እናሳጥረው" ያለኝ… ለካ ለራሱ ኖሯል። እኔ ጅሉ።

የግብዣው መዝጊያ፣ እርጎው፣ ገና ከበር እየገባ ነበር። እርጎ ሳይቀርብ ታካሊ ተነስቶ አያውቅም። ከሁለት ወር በላይ ቀን በቀን የለፋሁት ላለመነሳት ነው። ተነሳሁ። "ይቅርታ፣ ሆዴ ነው" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሠላሳ ስድስት እጅ ከምግቡ ተነሳ። "እርጎ ሳይቀርብ?" አለ አንዱ። "ማኒክ ራትና ቢሆኑ…" አለ ሌላው። ግያን ካጂ ቀድሞኝ ጥጉን ታጠፈ። ደረሰ። እኔ ምንም ሳያስቸኩለኝ ሽንት ቤቱ በር ላይ ዘብ ቆምኩ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ዳንማያ "አመለጠህ?" አለችኝ።
"የለም።"
"ታዲያ ለምን ተነሳህ?"
ነገርኳት። ብድግ ብላ ከጓዳ እርጎ አመጣችልኝ።

ባይሳክ 13
አዲሱ ታካሊ ሆዱን አይችልም እየተባልኩ ነው። ይበሉ። ግያን ካጂን ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። በር ላይ ቆም አለ። "ጋሼ፣ ቅጹ ላይ ምን ልጻፍ?"
"እውነቱን። ዜሮ ከጻፍክ ይቆጡሃል።"

የኔን ቅጽ ለፓቢትራ ሰጠኋት። የትናንቱ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቀና ብላ አየችኝ። "አባባ፣ ይሄኛው ዜሮ እውነት ነው?"
"ሠላሳ አምስት ሰው ውሸት ነው ብሎ ይምልብኛል" አልኳት። "ሠላሳ ስድስተኛው ያውና፣ ቅጽ እየሞላ ነው።"