የአባ ባሽር ዜማ

ለውዷ እህቴ ለዊዳድ፣ ካለሽበት ጂዳ ይድረስሽ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነሽ እቴ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ሥራውስ አልበረታብሽም? እናታችን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት።

እኔ ግን ደህና አይደለሁም። አልታመምኩም፤ ራሴን ተጠይፌ ነው።

ታውቂ የለ፣ ደሴ ውስጥ ዋሽንት የያዘ ሁሉ የሚነፋው እነዚያኑ ሦስት ዜማዎች ነው። ሠርግም ይሁን ምረቃ፣ የሱቅ መክፈቻም ቢሆን፣ ያው ሦስቱ። አላህ ይቅር ይበለኝና አሁን አሁንስ ሲጀመሩ ያቅለሸልሸኛል። ኮምቦልቻ ለባህል ዝግጅት ዋሽንት እንድነፋ ሲጠሩኝ፣ ሰው ያልሰማውን ካላገኘሁ መድረክ አልወጣም ብዬ ማልኩ። ስጠይቅ ስፈልግ ሐርቡ አባ ባሽር ዘንድ ደረስኩ። የአባታችንን ወዳጅ፣ በልጅነታችን ሸንኮራ እየቆረጡ ያበሉንን ማለቴ ነው።

ከብት ከወንዝ ሲመለስ የሚነፉት አንድ ዜማ አላቸው፤ ከሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። አምስት ጁምዓ ተመላልሼ፣ ጣቴን በጣታቸው እየጫኑ አስተማሩኝ። ክፍያ አልፈለጉም። ዜማውን ከመንፋታቸው በፊት ያስተማራቸውን ሟች ወንድማቸውን ሀፊዝን ስሙን ጠርተው ዱዓ ያደርጉለታል። አንተም የትም ስትነፋው ስማችንን ጥራ፣ ሌላ አልፈልግም አሉኝ። ወላሂ እጠራለሁ አልኩ።

መድረኩ ሥር ስደርስ አዘጋጁ ሀዚም፣ ያ ሽቶ በሽቶ የሆነ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ስም ጠርቼ ዱዓ ላድርግ ስለው፣ ዱዓ ምናምን ሰዓት ይበላል፣ ዝም ብለህ ንፋ አለኝ። እኔም አፌን ይቁረጠውና ዝም ብዬ ነፋሁ። ጭብጨባው ሲበርድ ማይኩን አንስቶ የኔ የሙንዚር አዲስ ድርሰት ነው ብሎ አወጀ። አይደለም ማለት ሲገባኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ! ያንን ጎንበስ ማለቴን ሰው በስልክ ቀርጾ በበተነው ቪዲዮ ባየሁት ቁጥር ምራቄን መትፋት ያምረኛል። ሀዚምንም እጠላዋለሁ፣ ግን አንገቴን የደፋልኝ እሱ አይደለም።

ባለፈው ጁምዓ ይቅርታ ልጠይቅ ወረድኩ። የልጅ ልጃቸው ኢስራ ቪዲዮውን አሳይታቸው ኖሯል። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ። በል ንፋው አሉኝ። የሳቸውንም የሀፊዝንም ስም ጠርቼ፣ ዱዓ አድርጌ ነፋሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣

«ይሄን ዜማ አላውቀውም ልጄ፤ ያንተ ነው» አሉኝ።

ኢስራ ስትሸኘኝ እንደነገረችኝ፣ ቪዲዮውን ካዩበት ቀን ወዲህ ከብቶቹን የሚያስገቡት በዝምታ ነው።

ቪዲዮው እናንተም ዘንድ ደርሷል አሉ። የወንድምሽ ድርሰት ነው የሚልሽ ካለ፣ ውሸት ነው፣ የሐርቡው የአባ ባሽር ነው፣ ወንድሜ ሌባ ነው በይልኝ። አትፈሪ፣ እንዲሁ በይ።

አብራሽ ለምትኖረው ለሱሀይላ ሰላም በይልኝ። እናታችን ሐዋ ጉንጭሽን ትስማለች። ታናሿ እህታችን ቢልቂስ አሥረኛ ክፍል ገብታለች፣ እሷም ናፍቀሻታል። አላህ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ ሙንዚር
ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.