ሳያዩ አልፈርምም ያሉት እናታችን

እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን ባደጉበት ሰፈር ጨርሰው በነርስነት ተመረቁ። ከዚያም መስኮቱ አንድ፣ አልጋው አንድ በሆነ የጤና ጣቢያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቁስል ሲያሽጉ ኖሩ። በ1974 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው እኔንና ታናሽ ወንድሜን ወልደዋል።

በ1980 ዓ.ም. በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት የሆኑ ሕፃናትን ያቀፈ የስካውት ቡድን መምራት ጀመሩ። ልጁ ገመድ መቋጠር፣ መንገድ ጠይቆ ቤቱ መድረስ፣ ቁስል ማሰር ሲችል ለእያንዳንዱ ሸሚዙ ላይ የሚሰፋ ባጅ ይሰጠዋል፤ ባጆቹ ሲሟሉ ማዕረጉ ከፍ ይላል። መቻሉን በፊርማ የሚያረጋግጠው መሪው ነው። መጀመሪያ ላይ እናታችን እጃቸው ይላላ ነበር። ልጃቸው ነኝና የቁስል ማሰር ባጄን ሳይፈትኑኝ ፈረሙልኝ። በሳምንቱ ወንድሜ ጣቱን በቢላ ቆረጠ፤ ባለ ባጇ እኔ በክር ጠፍሬ አሰርኩለት። እናታችን ከሥራ ሲመለሱ ጣቱ ጠቁሮ ነበር። ጣቱ ቢተርፍም እስከ ዛሬ አይታጠፍም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዓይናቸው ሳያዩ ፈርመው አያውቁም። የእኔንም ባጅ ከሸሚዜ ላይ ተርትረው ወሰዱ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ፈትነው ሦስቴም ጣሉኝ። ልጆቹ “እማማ ድገመው” የሚል ስም ያወጡላቸው በከንቱ አልነበረም።

በ2012 ዓ.ም. የስካውት ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ማዕረግ ያገኙ ልጆች ቁጥር አነሰብኝ ብሎ የአርባ ሁለት ያልተፈተኑ ልጆች ቅጽ ሞልቶ ላከላቸው። የጎደለው ፊርማቸው ብቻ ነበር። አልፈርምም አሉ። ዛሬ እዚህ ከመካከላችን የተገኙት የማኅበሩ ሰብሳቢ “የልጆች ጨዋታ እኮ ነው፣ ምን ያካብዱታል?” አሏቸው። በማግሥቱ የሠላሳ ሁለት ዓመት አገልጋይ በሁለት መስመር ደብዳቤ ተሰናበቱ። የአዳራሹን ቁልፍ የተረከባቸው ዘበኛው ነው፤ አመሰግናለሁ ያላቸውም እሱ ብቻ ነው። ይህን በለዘበ ቃል እንድጽፈው ዘመድ ለምኖኝ ነበር። አልችልም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፊርማቸው አይሠራም ቢባልም ልጆቹ ወደ በረንዳችን መምጣታቸውን አልተዉም። እናታችን ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ከያዙ በኋላ እንኳ የጎረቤታችን የልብስ አጣቢዋ ልጅ በእሳቸው ክንድ ላይ ቁስል ማሰር ትለማመድ ነበር። ባለፈው እሑድ አሰረችው፤ ወዲያው ተፈታ። እኔም “እማዬ፣ በቃ ፈርሚላት፣ አታሳዝኛት” ብዬ ለመንኳቸው። “ነገ የሚደማው እኔ አይደለሁማ” ብለው እንድትደግመው ክንዳቸውን ዘረጉላት። ማክሰኞ ጠዋት በስልሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ሰብሳቢው ለልቅሶ ቤታችን ሲመጡ ለእናታችን ሜዳሊያ፣ ለልጅቷ ደግሞ “ለመታሰቢያቸው” ብለው የፈረሙበትን የባጅ ወረቀት ይዘው መጡ። የሰባት ዓመቷ ልጅ ወረቀቱን በሁለት እጇ መለሰችላቸውና “ገና ይፈታብኛል” አለቻቸው። እኛም ሜዳሊያውን መለስን።

እናታችን አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆችና ቁስል ማሰር የሚችሉ እጅግ ብዙ ልጆች ትተው አልፈዋል። አምላክ ድካማቸውን አይቶ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ሳያዩ ለሚፈርሙትም ልቦና ይስጥልን።